ቡፌ ውስጥ የተቆለፈ መታወቂያ

በዚህ ዓምድ ስለ ፍቅር፣ ስለ ቅናት፣ ስለ አማትና ምራት ሳወራችሁ ከርሜያለሁ። የሰው ጉድ ማውራት ቀላል ነው። ዛሬ የራሴን ላውጣ። ነገሩ ከምርጫ ጋር የተያያዘ ነው። «ኤጭ! ፖለቲካ መጣች» ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት፤ እንደ ወትሮው የቤት ውስጥ ጣጣ ነው የማጫውታችሁ።

ጊዜው 2013 ዓ.ም. ነው። ስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ በኮሮና ምክንያት ከ2012 ተላልፎ መጣ። የመራጮች ምዝገባ መጋቢት ላይ ተጀመረ፤ ሰዉ ግን ቀዘቀዘ። ሰፈራችን ያለው ጣቢያ ባለፍኩ ቁጥር መዝጋቢዎቹ እርስ በርስ ሲተያዩ ነው የማገኛቸው። ታዲያ እኛ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያለን ስድስት ጓደኛሞች ተሰባሰብን። ስም የለን፣ ማኅተም የለን፣ አበል የለን! የመራጮች ትምህርት ለመስጠት ከምርጫ ቦርድ ፈቃድ ያስፈልጋል ስለተባለ እሱ ውስጥ አልገባንም። ሥራችን በር እያንኳኩ «ካርድ አወጣችሁ ወይ?» ማለት ብቻ ነው። ለየትኛውም ፓርቲ ላንቀሰቅስ ተማምለናል። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ቤት የተቀመጥኩበት ጊዜ ስለነበር ከሁሉም በላይ ጊዜ ያለኝ እኔ ነበርኩ።

ኧረ የበሩ ጉድ! አንዱ የዕቃ ሻጮች መስለነው ሳይከፍት ያባርረናል። አንዷ «ኮሮና ልታመጡብን ነው» ብላ ማስካችንን እስከ ዓይናችን ድረስ ታስስበናለች። አራተኛ ፎቅ ላይ ግን አንድ አባወራ ገጠመን። ፈገግ ብሎ ሁለት ካርድ አወጣና «የእሷንም እኔ ይዤላታለሁ፤ የት ላይ ምልክት እንደምታደርግም አስረድቻታለሁ» አለን። ሚስትየው ከኋላው ቆማ ወለሉን ታያለች። ደሜ ፈላ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 ላይ ዕድሜው 18 የሞላው ዜጋ በጾታም በሌላም ልዩነት ሳይደረግበት ይመርጣል፣ ድምፁም በምስጢር ነው የሚሰጠው ብዬ እንደ ጠበቃ ተንተከተክሁ። ሰውዬው በሩን ዘጋብን። ደረጃውን የወረድኩት ግን ጀግና ሆኜ ነው።

ታች ስንደርስ ስም የምትይዘው ጓደኛችን ደብተሯን ገልጣ «እናንተ ቤትስ ስንት ሰው አለ?» አለችኝ።

«ሁለት። እናቴና እኔ።»

«እንጀራውን ማን ነው የሚጋግረው?»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

ከእኛ ጋር የምትኖረው ልጅ ያኔ ሃያ ዓመቷ ነው። ከወሎ ከመጣች ሁለት ዓመት አልፏታል። ለመመዝገብ ደግሞ 18 ዓመት መሙላትና በምርጫ ክልሉ ስድስት ወር መኖር በቂ ነው። ይህንን ለስንቱ ቤት ስደሰኩር ቁርሴን ሠርታ የምትሸኘኝ እሷ ናት! ሽሮ እያማሰለች ሳለች ገብቼ «ካርድ ማውጣት አትፈልጊም?» አልኳት።

«እኔ? እኔ ምኔ ሆኖ?» አለች። ቀጥላ ደግሞ ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ «መታወቂያዬ እትዬ ጋ ነው» አለችኝ።

አንባቢዬ፣ ይህ እኛ ቤት ብቻ ያለ ነገር አይደለም፤ አንተም ቤት፣ አንቺም ቤት ሊኖር ይችላል። ልጅቷ መሸኛ አስመጥታ እናቴ ተሯሩጣ መታወቂያ አወጣችላት፤ ከዚያ መታወቂያው ከቤቱ ካርታና ከወርቅ ሀብሏ ጋር ቡፌው ውስጥ ገብቶ ተቆለፈ። ምክንያቱ «ዕቃ ይዛ ብትጠፋስ?» ነው። ደመወዟም እዚያው ነው የሚጠራቀመው። እኔ ይህንን አላውቅም ነበር ብል ውሸት ነው። አውቃለሁ። አስቤበት አላውቅም እንጂ።

ማታ እናቴን «መታወቂያዋን ስጫት፣ ልትመዘገብ ነው» አልኳት።

«የቤት ሠራተኛ ምን በወጣት! እኔ ራሴ መቼ ተመዘገብኩ?»

እውነቷን ነው፣ እሷም አልተመዘገበችም። ነገሩ ስንፍና እንዳይመስላችሁ። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. እናቴ እኔን በእጇ ይዛ የማያልቅ ሰልፍ ላይ ቆማለች። እኔ ትዝ የሚለኝ እግሬን ደክሞኝ ቀሚሷን እየጎተትኩ ማልቀሴ፣ መሽቶም ሰልፉ አለማለቁ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ። በሰኔ 1997 እና በ1998 መጀመሪያ በነበረው ግርግር 193 ሰላማዊ ሰዎች መሞታቸውን አጣሪ ኮሚሽኑ ራሱ ቆጥሯል። ከእኛ ሰፈርም ዳቦ ልገዛ ብሎ ወጥቶ ያልተመለሰ ልጅ ነበር። ከዚያ ወዲህ እናቴ ምርጫ የሚል ቃል ስትሰማ የበሩን መቀርቀሪያ ነው የምታየው። እንዲህ ያለውን ፍርሃት በአንቀጽ 38 አታባርሩትም፤ እኔም አልሞከርኩም።

ግን መታወቂያው ሌላ ጉዳይ ነው። «አንቺ አለመመዝገብ መብትሽ ነው፤ የእሷን ግን ለምን አንቺ ትወስኛለሽ?» አልኳት። «ሕግ ሠራተኛ ብሏታል እንዴ?» አለችኝ። የሚያናድደው እዚህ ላይ ልክ መሆኗ ነው! የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ሠራተኞችን አይሸፍንም። የዓመት ፈቃዷንም ሆነ የሥራ ሰዓቷን የሚቆጥርላት የለም። ድምፅ መስጫው ጋ ስትደርስ ግን ከእናቴም፣ ከሚኒስትሩም እኩል አንድ ናት። እናቴ ይህንን ሰምታ ዝም አለች። ለሦስት ቀን ዝም አለች።

ምዝገባው ሚያዝያ 15 ሊያበቃ ሆነ። ቆጠራ ጀመርኩ። እግዜር ይስጣቸው፣ ቦርዱ እስከ ሚያዝያ 29 አራዘመው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ቡፌውን ከፈተች፣ መታወቂያውን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገችና «ስትጨርሺ ትመልሺዋለሽ» አለች። ልጅቷ በሁለት እጇ ነው ያነሳችው። ፎቶዋን ብዙ ጊዜ አየችው፤ «እንዲህ ቀጭን ነበርኩ?» አለች።

ሰኔ 14 ሰኞ ነው። አገሩ ሁሉ የመረጠ እንዳይመስላችሁ፤ ጦርነት ላይ በነበረችው ትግራይ ያን ቀን ምርጫ አልነበረም። እኛ ግን በጠዋት ጃንጥላ ይዘን ተሰለፍን። አስቀድማ ማታውን «ማንን ልምረጥ?» ብላኝ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ምላሴ ላይ አንድ ስም ነበረ። አፌን ከፈትኩ። ያ አራተኛ ፎቅ ያለው ሰውዬ ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ። «የየፓርቲው ምልክት ወረቀቱ ላይ አለ፤ አንዱ ለፓርላማ፣ አንዱ ለከተማው ምክር ቤት ነው። ሌላውን አንቺ ታውቂያለሽ» ብዬ ተኛሁ። እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም።

ሰልፉ ረጅም ነበር። ሰዉ በመብዛቱ ሰዓቱም እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት እንደተራዘመ በኋላ ሰማን። ተራዋ ሲደርስ ጃንጥላውን ሰጠችኝና ገባች። ቆየች። እኔ ውጭ ቆሜ ወረቀቱ ጠፍቷት ይሆን እያልኩ ስጨነቅ፣ አውራ ጣቷ ቀለም ተነክሮ፣ ቀለሙ እንዳይለቅባት እጇን ከሰውነቷ አርቃ ይዛ ወጣች።

ቤት ስንደርስ እናቴ ቡና አቅርባ ጠበቀችን። እሷ እያለች እናቴ ቡና ስታፈላ ያን ቀን አየሁ። አቦል ቀድታ እንደ ዋዛ «እና፣ ማንን መረጥሽ?» አለቻት።

ልጅቷ ስኒዋን አስቀመጠች። «ምስጢር ነው ተብሏል እኮ፣ እትዬ።»

በሁለት ዓመት ውስጥ ለእናቴ አንድ ነገር ስትከለክላት ያኔ ነው የሰማሁት። እናቴ እኔን ገላመጠችኝ፤ ጀበናውን አነሳች።

ውጤቱ ጣቢያው በር ላይ ሲለጠፍ ዳቦ ልንገዛ ወጥተን አየነው። በየስሙ ትይዩ ቁጥር ተጽፏል። ጣቷን ከቁጥር ወደ ቁጥር እየወሰደች ቆይታ «የእኔም እዚህ ውስጥ አለች?» አለችኝ። «አለች» አልኳት። የትኛው ቁጥር ላይ ቆማ እንደነበር ለማየት ስሞክር እጇን አነሳች።

መታወቂያው አልተመለሰም። እናቴ ስትጠይቃት «ቦርሳዬ ውስጥ ነው» አለች፤ በቃ። በሐምሌ በዚያው መታወቂያ የባንክ ደብተር አወጣችና የተጠራቀመ ደመወዟን በትሕትና ጠየቀች። እናቴ እየቆጠረች ሰጠቻት። መስከረም ላይ ለአንድ ዳቦ ቤት ተቀጥራ ሄደች። እናቴ ሁለት ሳምንት አላናገረችኝም፤ «በር ስታንኳኪ የራስሽን ቤት አፈረስሽ» ነው ያለችኝ። ወጥ ከእኔ እጅ የበላችበት ዘመን ስለሆነ አልፈርድባትም።

ጥቅምት ላይ ሌላ ልጅ መጣች። እናቴ መታወቂያዋን ተቀበለች፣ እታች ካለው ሱቅ ፎቶ ኮፒ አስነሳችና ዋናውን መልሳ ሰጠቻት። ኮፒውን ቡፌው ውስጥ ቆልፋበታለች።