ጾምና መስተዋት



ዐቢይ ጾም ከገባ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት በየመሥሪያ ቤቱ ብትዘዋወሪ አንድ ነገር ታያለሽ። አንዳንዶቹ እኅቶቻችን ፀጉራቸው ሳይበጠር፣ ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቆ፣ ነጠላቸው የሳምንት አቧራ ተሸክሞ ወደ ሥራ ይገባሉ። «ምነው፣ ታመምሽ እንዴ?» ተብለው ሲጠየቁም «ጾም አይደለም እንዴ!» ብለው ይመልሳሉ። መልሱ የሃይማኖት መልስ ስለሚመስል ጠያቂው አፍሮ ዝም ይላል። እኔ ግን ዝም ማለቱ አልሆነልኝም። ራስን መጣል ከመቼ ወዲህ ነው ጾም የሆነው?

ይህን የምጽፈው ለአንቺ ለተማሪዋና፣ ሥራ ከያዝሽ ገና ዓመት ሁለት ዓመት ለሆነሽ ለመንግሥት ሠራተኛዋ ነው። ወንድሜ ሆይ፣ አንተም ገጹን አትግለጥብኝ፤ አንገትጌው የጠቆረ ሸሚዝ ለብሶ «ዋናው ልብ ነው፣ ልብስ ምን ያደርጋል» የሚለው ሰው ከእናንተ ወገን እንደሚበዛ አውቃለሁና።

እንግዲህ ከመጽሐፉ እንጀምር። በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 6 ከቁጥር 16 እስከ 18 ጌታችን ስለ ጾም ሲያስተምር፣ ፊታቸውን እያጠወለጉ የሚታዩትን ግብዞች ከነቀፈ በኋላ፣ የሚጾም ሰው ራሱን እንዲቀባና ፊቱን እንዲታጠብ ያዝዛል። ልብ በዪ፤ «ብትፈልጊ» የሚል ቃል የለበትም፤ ትእዛዝ ነው። ምክንያቱም አብሮ ተነግሯል፤ ጾሙን እግዚአብሔር እንጂ ሰው እንዳያይብን ነው። ስለዚህ ያልታጠበ ፊት ይዞ በሁዳዴ አደባባይ መውጣት፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ ጾምን በጡሩምባ መንገር ነው። ይህን ሐሳቤን ለነፍስ አባቴ ባነሣላቸው ሳቁና፣ «ልጄ፣ ውሃ የፍስክ ነው ያለሽ ማን ነው?» አሉኝ።

ከዚህ ቀጥሎ ሁልጊዜ የሚጠቀስብን የሐዋርያው ጴጥሮስ 1ኛ መልእክት ምዕራፍ 3 ነው። ሐዋርያው ሴት ውበቷን በሹሩባና በወርቅ ላይ እንዳትመሠርት፣ ይልቁንም የውስጥ ሰውነቷን እንድታሳምር ይመክራል። ይህን ይዘው ሹሩባ መሠራት ኃጢአት ነው የሚሉ አሉ። ነገር ግን በዚያው ቁጥር ከሹሩባውና ከወርቁ ጋር ልብስ መልበስም ተቈጥሯል። ታዲያ ሹሩባውን ከከለከልን ልብሱንም ልንከለክል ነውን? ሐዋርያው የሚነቅፈው ሴት ዋጋዋን በአንገቷ ላይ ባለው ወርቅ መመዘኗን ይመስለኛል፤ ከማበጠሪያ ጋር ጠብ የለውም። በ81ዱ መጻሕፍታችን ውስጥ የምትገኘው ዮዲትም በምዕራፍ 10 ማቋን አውልቃ፣ ገላዋን ታጥባ፣ ሽቱ ተቀብታ፣ ፀጉሯን አሰናድታ ከከተማዋ የወጣችው ከብዙ ጾምና ጸሎት በኋላ ነው፤ ያውም ሕዝቧን ለማዳን።

እኔ የምኖረው በአዲስ አበባ ደቡብ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ሀይሌ ጋርመንት በሚባለው ሰፈር ነው። ጋርመንት ማለት በእንግሊዝኛ ልብስ ማለት ስለሆነ፣ የሰፈራችን ስም ለያዝነው ጨዋታ የተመቸ ነው። ዳሩ ግን ዛሬ ሰው ሰፈራችንን የሚያውቀው በልብሱ ሳይሆን በቲማቲሙና በሽንኩርቱ ነው። ፒያሳ የነበረው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ፤ ጃንሜዳ ደግሞ የጥምቀት በዓል ማክበሪያ ነውና ገበያው በ2013 ዓ.ም. ተነሥቶ ወደ እኛ መጣ። ከዚያ ወዲህ የጭነት መኪናው፣ የተሸካሚው ጩኸትና የጎመን ቅጠሉ ጎረቤቶቻችን ሆነዋል። ክረምት ሲገባ ጭቃው ሌላ ነው።

በዚህ ገበያ ከሌሊት ጀምራ የቲማቲም ሳጥን ስታስወርድና ስትለይ የምታድር አንዲት እናት አለች። እሑድ ሲነጋ ሥራውን ለልጇ ትተውና ከሳጥኖቹ ጀርባ ትሄዳለች። በአንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ፣ ሁለት ሊትር ቢሆን ነው፣ ፊቷን፣ እጆቿንና እግሮቿን እስከ ጉልበቷ ትታጠባለች። በጥፍሯ ሥር የገባውን ጭቃ በመርፌ ቁልፍ እየለቀመች ታወጣለች። ከዚያም ከፌስታል ውስጥ ታጥቦ የታጠፈ ነጠላ አውጥታ፣ መስቀለኛ አጣፍታ ለብሳ ወደ ሀና ማርያም ትገሰግሳለች። አንድ ቀን ቆሜ ሳያት አየችኝና፣ «ምነው እትዬ፣ በዚህ ጭቃ ልቅረብ እንዴ?» አለችኝ። ሩትም እኮ ቃርሚያ ስትለቅም የምትውል ድሃ መበለት ነበረች። በመጽሐፈ ሩት ምዕራፍ 3 አማቷ ኑኃሚን እንድትታጠብ፣ እንድትቀባና ልብሷን እንድትለብስ ስትመክራት፣ «ድሃ ነን፣ ምን ያደርግልናል» አላለቻትም።

አሁን ወደ ከበደው ነገር ልምጣ።

ከእኔ ጋር በአንድ ግቢ የምትኖር፣ በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት የተቀጠረች አንዲት ወጣት አለች። ከሁለት ዓመት በፊት በሁዳዴ፣ መጀመሪያ ላይ እንዳልኳቸው እኅቶች፣ ፀጉሯን ማበጠርና ፊቷን በሳሙና መታጠብ ትታ ነበር። ጾመኛ ነኝ ትላለች፤ ጾመኛነቷም እውነት ነበር፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም። ነገር ግን ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሽማግሌ ሊላክላት ታስቦ ነበርና፣ ማታ ማታ በሯን ዘግታ ከመንገድ ሻጭ የገዛችውን ስም የሌለው ቅባት ትቀባለች። የፈለገችው «ቀላ ብዬ ልቅረብ» ነው። ኋላ ነገሩ ሲገለጥ፣ «እንዴት ነው በጾም ሳሙና ከልክለሽ ይህን የፈቀድሽው?» ብላት፣ «እትዬ፣ እርሱማ መዋቢያ አይደለም፣ መድኃኒት ነው» አለችኝ።

ለሦስት ሳምንት ያህል በእርግጥ ቀላች፤ ሰውም አደነቀላት። በአምስተኛው ሳምንት ፊቷ በፀሐይ እንደ በርበሬ ይለበለብ ጀመር፤ ጉንጮቿ ላይ ሽፍታ ወጣ። ደንግጣ ቅባቱን ብታቆም ባሰባት፤ አበጠ፤ ቀጥሎም ከፊተኛው መልኳ ይልቅ ጠቆረ። የሆሳዕና ዕለት ግቢው ሁሉ ዘንባባውን በራሱ አስሮ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ እርሷ ከቤት አልወጣችም። የሚያስቆጨኝ ይህ ነው። ሁለት ወር ሙሉ የጾመችለትን ሳምንት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ በጨለማ ቤት አሳለፈችው።

ከበዓሉ በኋላ ይዣት ዘነበወርቅ ወደሚገኘው አለርት ሆስፒታል ሄድን። አለርት በ1958 ዓ.ም. ሲቋቋም ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ የታሰበ ሲሆን፣ ዛሬ ስለ ቆዳ ሕመም ከየአገሩ ሰው የሚመጣበት ቦታ ነው። ሐኪሟ ቆርቆሮውን አገላብጣ አየችና፣ «ምን እንደሆነ ባይጻፍበትም ሥራውን ፊትሽ ላይ ጽፎታል» አለቻት። ከዚያ በኋላ ያስረዳችንን ላንቺም ላስተላልፍ፤ ከመዋቢያ ምክር ሁሉ ይህ ይበልጣልና።

መልካችንን ጠይም ወይም ጥቁር የሚያደርገው በቆዳችን ውስጥ ያለው ሜላኒን የተባለው ቀለም ነው። ሥራው ጌጥ ብቻ አይደለም፤ የፀሐይ ጨረር ቆዳውን እንዳይጎዳው ይጋርደዋል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ያለች ከተማ ናት፤ አየሩ ቀዝቃዛ ይሁን እንጂ፣ ከፍታው በጨመረ ቁጥር ጨረሩ ይበረታል። ማቅያ ከሚባሉት ቅባቶች ብዙዎቹ ከሦስት ነገሮች አንዱን ይይዛሉ። ሃይድሮኪኖን ቀለሙ እንዳይሠራ ይከለክላል፤ ያለ ሐኪም ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት ግን ቆዳውን ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁረት ያለብሰዋል፤ ያም በቀላሉ አይለቅም። ስቴሮይድ የተባለው ለቆዳ ሕመም በልክ የሚታዘዝ መድኃኒት ሲሆን፣ በዘፈቀደ ሲቀቡት ቆዳውን ያሳሳዋል፣ የደም ሥሮቹን ያሳያል፣ ሲያቆሙትም ፊት ይቆጣል። ሦስተኛው ሜርኩሪ ነው፤ በቆዳ ገብቶ ኩላሊትን ይጎዳል። ሚናማታ በተባለው ዓለም አቀፍ ውል መሠረት፣ ከሚሊዮን እጅ ከአንድ እጅ በላይ ሜርኩሪ ያለባቸው መዋቢያዎች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2020 በኋላ እንዳይሠሩ፣ ወደ አገርም እንዳይገቡና እንዳይወጡ ተወስኗል። ውሉ ግን በየመንገዱ የሚዞረውን ቆርቆሮ ሁሉ አይደርስበትም፤ የሚደርስበት ያንቺ ዓይን ነው። በላዩ ምን እንደያዘ ያልተጻፈበትን ቅባት ፊትሽ ላይ አታድርጊ።

ነቢዩ ኤርምያስ በምዕራፍ 13 ቁጥር 23 ኢትዮጵያዊ መልኩን ሊለውጥ ይችል እንደሆነ ሲጠይቅ፣ ሰሚው ሁሉ «አይችልም» እንደሚል ተማምኖ ነው። የዛሬውን ገበያ ቢያይ ምን ይል ነበር? የመኃልየ መኃልይዋ ሴት ደግሞ በመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ጥቁረቷንና ውበቷን በአንድ ትንፋሽ ታነሣለች። እኛ ግን ልጅ ስናስተዋውቅ «ቆንጆ ናት፣ ቀይ ናት» እንላለን፤ ሁለቱ አንድ ቃል ይመስል። ያቺ ልጅ ቅባቱን የገዛችው ከመንገድ ሻጩ ቢሆንም፣ ሐሳቡን የሸጥንላት እኛ አክስቶችና ጎረቤቶች ነን። ቀን ቀን መታጠቢያውን ያስተዋት፣ ማታ ማታ ቅባቱን ያስያዛት አንድ ነገር ነው፤ የተሰጣትን ፊት እንደ ስጦታ አልተቀበለችውም ነበር።

ሽምግልናው ተላለፈ። እጮኛዋ ግን ነገሩን ሲሰማ አልተቀየመም፤ እንዲያውም ከዚያ በኋላ ለቀጠሮዋ አለርት የሚያመላልሳት እርሱ ሆነ። አሁን ፊቷ አብዛኛው ተመልሷል፤ ከጉንጮቿ በላይ ያለው ጥላ ግን ገና አለ።

«ታዲያ ምን ልቀባ?» ትይኝ ይሆናል። በሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ብዙ አልጠይቅሽም። አንድ ጀሪካን ውሃ በአግባቡ ከተያዘ ለፊት፣ ለብብትና ለእግር ይበቃል። ከንፈርሽ ከደረቀ ቫዝሊን ተቀቢ፤ ከነዳጅ ዘይት የሚወጣ ነውና ጾምሽን አይነካብሽም። በሁዳዴ ቅቤ ራሳቸውን የማያስነኩ እናቶች አሉ፤ ልማዳቸውን አከብራለሁ፤ ለዚያ ጊዜ ዘይት አለ። በፍስክ ወራት ለጋ ቅቤ ብትቀቢ ግን ዓርብ ማታ ተቀብተሽ ቅዳሜ ታጠቢው እንጂ ሰኞ ይዘሽው ቢሮ አትግቢ። ሹሩባሽንም ግንባርሽ እስኪወጠር አታሠሪ፤ ፀጉር ከሥሩ ሁልጊዜ ሲጎተት ከግንባር በኩል እየሸሸ ይሄዳል። ሲጾሙ አፍ ስለሚደርቅ ይሸታል፤ መፋቂያ ከቦርሳሽ አይለይሽ። የምትቈርቢ ከሆነ ግን ሥርዓቱን ከአባቶች ጠይቂ።

የወንጌላውያን እኅቶቻችን ነጠላ ባያዘወትሩም ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ ኩሉ ይፈቀዳል? ሱሪው? የየጉባኤያቸው ወግ ይለያያልና በዚህ ላይ እኔ አልፈርድም።

ስለ ገንዘብ አንድ ቃል ብቻ። የጀማሪ ደመወዝ ስንት እንደሆነ አንቺም እኔም እናውቃለን። ለአንድ የሰርግ ቀን ብድር ገብተሽ የጥበብ ቀሚስ ከምታሠሪ፣ በየሳምንቱ የሚታጠብ አንድ ጥሩ ነጠላና ሁለት ሸሚዝ ይኑርሽ። እናቶቻችን ነጠላን የሚያነጡት በእንዶድ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የወንዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ ተክሉ የብልሃርዝያን አስተላላፊ እንደሚገድል ያወቁት ከዚሁ ከልብስ አጠባ ነው። እነዚያ ሴቶች ለነጠላቸው ሲሉ ወንዝ ባይወርዱ ኖሮ ያ ዕውቀት መቼ ይገኝ ነበር እላለሁ አንዳንዴ። ዛሬ በእንዶድም እጠቢው በሳሙና፣ ጥላ ሥር አስጪው፤ ጥለቱ በፀሐይ ይለቃል። ስትለብሺውም ጥለቱ የት እንደዋለ እዪ፤ ወደ ላይ ወደ አንገትሽ ከሆነ ሰው ሁሉ ማን ሞተባት ብሎ ይጨነቃል።

ሽቶ አልከለክልሽም፤ ለቢሮ ጥቂት ጠብ አድርጊ። ለቅዳሴ ግን ተዪው፤ ዕጣኑ ይበቃል፤ አጠገብሽ የቆመችው አሮጊት ከሌሊት ጀምራ ባዶ ሆዷን ቆማለችና ራሷ ይዞርባታል።