ልጄ የከፈታቸው ክፍሎች

ይህን የምጽፈው እንደኔ ላሉ ወላጆች ነው፤ ልጃቸው በሩን ዘግቶ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ደፍቶ ከማይታይ ሰው ጋር ሲያወራ ለሚያመሽባቸው።

አንድ ሌሊት ውኃ ልጠጣ ተነሣሁ። ከ14 ዓመቱ ልጄ ክፍል ድምፅ ይሰማል። ድምፁ የእሱ ነው፣ ግን እንደ ሽማግሌ ወፈር ብሎ በዕብራይስጥ፣ «ገንዘቤን ነገ ፀሐይ ሳትወጣ ካላመጣህ ወንድምህን ዳኛ ፊት አቆመዋለሁ» ይላል። ክው አልኩ። ልጄ አበዳሪ ሆነ? ከማን ጋር ገባ? በሩን በርግጄ ስገባ «ኢማ፣ ሚስሃቅ ነው!» አለኝ። በዚህ ሰዓት ምን ጨዋታ አለ ብዬ ሄጄ ራውተሩን ነቀልኩት።

ያን ሌሊት ደግ የሠራሁ መስሎኝ ተኛሁ። በማግስቱ ልጁ አኮረፈ፤ እህል አልቀምስም አለ። ነገሩን የነገረችኝ ታላቅ እህቱ ናት። «ኢማ፣ እዚያ ጨዋታ ውስጥ ከ30 በላይ ልጆች አሉ። የሚያወሩባቸውን ቻናሎች የሚያዘጋጀው እሱ ነው። ግማሹን ከፍቶ ግማሹን ሳይዘጋ ነው ያቋረጥሽው። የዳኞቹ ክፍል ክፍት አድሮ ፍርዱን ሁሉም ቀድሞ አነበበው» አለችኝ። እኔ ምን ላውቅ? የዳኞች ክፍል አለ እንዴ?

ሻባት ሲወጣ አጠገቤ አስቀመጥኩትና «በል ከመጀመሪያው ንገረኝ» አልኩት። እንደገባኝ ላስረዳችሁ።

ጨዋታው ማይንክራፍት ይባላል። ስዊድኖች የሠሩት ነው፤ በ2011 ሙሉው ወጣ፣ በ2014 ማይክሮሶፍት በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ሁሉ ነገር ከአራት ማዕዘን ጡብ የሚሠራበት ዓለም ነው። ልጆቹ ሰርቨር ይከራዩና በዚያ ዓለም ውስጥ የራሳቸውን ከተማ ይሠራሉ። የልጄ ቡድን ግን ቤት መሥራት ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱ አንድ ሰው ሆኖ ይኖራል። አንዱ ቀጥቃጭ፣ አንዷ ሐኪም፣ አንዱ ወታደር። በዕብራይስጥ ሚስሃኬ ታፍኪዲም የሚሉት ነው። ልጄ በግ የሚነግድ፣ ገንዘብ የሚያበድር ሽማግሌ ነው። ያ ሌሊት የሰማሁት የእሱን ነው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ጨዋታው እንደተፈጠረ ሲተው አንዱ የጻፈውን በሰርቨሩ ያለ ሁሉ ያየዋል። 30 ልጅ በአንድ መስመር! ገበያ ላይ በግ ይሸጣል፣ ከተማው ማዶ ሌባ ይከሰሳል፣ በመሀል አንዱ «የሒሳብ ሺዑሬ ባይት የሠራ አለ?» ይላል። ዳኛው ፍርድ ሊሰጥ ሲነሣ ደግሞ ሌላው «እናቴ ለራት ጠራችኝ» ይላል። ማን በጨዋታው ሰውዬ አፍ፣ ማን በራሱ አፍ እንደሚናገር አይለይም።

ስለዚህ ልጄ ለያየው። በሰርቨሩ ላይ ተጨማሪ ፕሮግራም አስገባና ንግግር በርቀት እንዲሆን አደረገ። የጨዋታው አንድ ጡብ አንድ ሜትር ነው። ዝም ብለህ ከተናገርክ በ20 ሜትር ውስጥ ያለ ብቻ ይሰማሃል፤ ከጮህክ እስከ 60፤ ሹክ ካልክ አጠገብህ ያለው ብቻ። ታዲያ ገበያ ላይ የተባለውን ለማወቅ ገበያ መሄድ አለብህ። ይህን ስሰማ ሳቅሁ፤ አምቦበር ሆኜ ሰው ከጎንደር ወሬ ይዞ እስኪመጣ የምንጠብቀው ትዝ አለኝ።

ለራሳቸው ለልጆቹ ወሬ ደግሞ «ከጨዋታው ውጪ» የሚባል ክፍል ከፈተ። የቤት ሥራውም፣ የራቱም ነገር እዚያ ነው። ጨዋታው መሀል ላይ የግድ በራሱ አፍ መናገር ያለበት ቃሉን በሁለት ሁለት ቅንፍ ይከታል፤ ያኔ የሚናገረው ነጋዴው ሳይሆን ልጁ መሆኑን ሁሉም ያውቃል።

የቀረው ዲስኮርድ በሚባለው መገናኛ ላይ ነው፤ በጽሑፍም በድምፅም ክፍል የሚከፈትበት። እዚያ ለያንዳንዱ ሰው ታፍኪድ ይሰጣል፤ ታፍኪዱ ቁልፉ ነው። አዲስ የገባ ልጅ የሚያየው ሕጉን የጻፉበትን ክፍልና የሰላምታውን ብቻ ነው። የቀጥቃጮች ታፍኪድ ያለው የቀጥቃጮችን ክፍል ይከፍታል። የማስታወቂያው ክፍል ሁሉም ያነበዋል፣ የሚጽፉበት ግን ሦስት ኃላፊዎች ናቸው። ልጄ እንዳለኝ መጀመሪያ ክፍሉን ለሁሉም መዝጋት፣ ከዚያ ለሚገባው ብቻ መክፈት ነው። እሱ ያን ሌሊት በተቃራኒው ጀመረና መዝጋቱ ላይ ሳይደርስ ራውተሩ ተነቀለ።

የዳኞቹን ክፍል ለማስረዳት ግን እኔን አልፈለገም። ይህን እኛ ነን የምናውቀው! ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው የሁለቱን ወገን ቃል ከሰሙ በኋላ «እስቲ ራቅ በሉልን» ብለው ለብቻቸው ይመክሩ የለ? እዚያ የተባለ ቡና ላይ ይወራል? አይወራም። ይህን ስነግረው ልጄ ዓይኑን አፍጥጦ ሰማኝ። «ኢማ፣ ከዛፉ ሲነሡስ ተመልሰው ጎረቤት ይሆናሉ?» አለ። አዎ፣ ማታውኑ አብረው ይበላሉ አልኩት።

ከዚያ በኋላ ነው የደበቀኝን ያወጣው።

ወታደር ሆኖ የሚጫወት አንድ ልጅ አለ። ወታደሩ ነጋዴውን «አንተ ሌባ ሽማግሌ» ይለዋል፣ ነጋዴውም ይመልስለታል፤ ልጄ በዚህ ይስቃል እንጂ አይቀየምም፤ ጨዋታው ነው። አንድ ቀን ወታደሩ በክርክር ተረታ። ያኔ ልጁ ወደ «ከጨዋታው ውጪ» ክፍል ሄዶ ልጄን «ኩሺ» ብሎ ጻፈለት። ሌሎቹ ሲቆጡት «ወታደሬ ነው የተናገረው፣ ቀልድ ነው» አለ።

እኔ ይህን ቀልድ አውቀዋለሁ። በ1991 በሰለሞን ዘመቻ ስመጣ 16 ዓመቴ ነበር። በመጀመሪያ ሥራዬ ቃሉን የጣለብኝ ሰው ወዲያው «እየቀለድኩ ነው፣ ምን ያስቀይምሻል» አለኝ። ቋንቋውም ስላልሞላልኝ ፈገግ ብዬ ዝም አልኩ። ያች ፈገግታ እስከዛሬ ትቆጨኛለች።

ልጄ ግን ፈገግ አላለም። «የት ክፍል እንደጻፍከው ተመልከት» አለው። «እዚህ ክፍል ወታደር የለም፤ እዚህ ያለኸው አንተ ነህ። ደግሞ የእኔ ነጋዴ ፊቱ አረንጓዴ ነው፤ ታዲያ ማንን ነው የሰደብከው?» በእርግጥም ነጋዴውን ሲሠራው ፊቱን አረንጓዴ፣ ጺሙን ነጭ አድርጎታል። ጽሑፉን ፎቶ አንሥቶ ለኃላፊዎቹ ክፍል አስገባ። እሱ ራሱ ከሦስቱ ኃላፊዎች አንዱ ቢሆንም ተበዳይ ነኝ ብሎ ከፍርዱ ወጣ፤ ሁለቱ መርምረው ልጁን ከሰርቨሩ አስወጡት።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ራውተሩን ትነቅያለሽ ብዬ።»

ምን ልበል? ቡናዬን አፈላሁ።

ይህን ስል ሁሉ ነገር ጥሩ ነው እያልኳችሁ አይደለም። ክፍሎቹን ኃላፊዎች ያዩአቸዋል፤ ከሰው ወደ ሰው የሚላክ የግል መልእክት ግን አለ፣ እሱን ማንም አይጠብቀውም። ክፉ ሰው ልጅን ከአደባባይ ነጥሎ የሚወስደው በዚያ መንገድ ነው። ዲስኮርድ ራሱ ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይፈቅድም፤ ዘጠኝ ዓመት ልጃችሁ እዚያ ካለ ዕድሜውን ዋሽቶ ነው የገባው፣ እወቁት። እኛ አብረን ቅንብሩን ከፈትንና የሰርቨሩ ሰዎች በግል እንዳይጽፉለት ዘጋነው፤ ይህን መዝጊያ ልጆቻችሁ ያውቁታል፣ «አሳየኝ» በሏቸው። ፎቶ ወይም አድራሻ የሚጠይቅ፣ «ለኢማ አትንገር» የሚል ካለ ወዲያው ሊነግረኝ ቃል ገባ። እኔም በተራዬ ቃል ገባሁ፤ የነገረኝ ምንም ይሁን ራውተሩን አልነቅልም። የመተኛ ሰዓት ግን አልደራደርም፤ በአዘቦት ቀን አምስት ሰዓት ሳይሞላ ይዘጋል።

አሁን ደግሞ የራሳችንን ጉድ ላውራ። የሰፈራችንን የዋትስአፕ ግሩፕ ታውቁታላችሁ። የለቅሶ ማስታወቂያ ይመጣል፣ ከሥሩ የሚጨፍር ሥዕል። «ነፍስ ይማር» ሲባል «ጤፍ መጥቷል፣ ኪሎው ስንት ነው» ይከተላል። ልጄ ስልኬን አየና «ኢማ፣ እናንተኮ ሁላችሁም በአንድ መስመር ናችሁ» አለ። ከ2022 ጀምሮ ዋትስአፕ ብዙ ግሩፖችን በአንድ ማኅበር ሥር ማሰባሰብ ይቻላል። ለማስታወቂያ አንድ አደረገ፣ ኃላፊዎች ብቻ የሚልኩበት፤ ለለቅሶና ለሠርግ ሌላ፤ ለገበያና ለጨዋታ ሌላ።

አንድ አባታችን ተቆጡ። «ሠላሳ ዓመት ዝም በል ስባል ኖሬ፣ አሁን ደግሞ እናንተ አፌን ዘጋችሁት? እኔ ጽሑፍ አላነብም፤ በድምፄ ነው የምናገረው» አሉ። እውነታቸውን ነው። ልጄ ክፍሎቹን ሁሉ ለሚያነብ ሰው ነበር የሠራቸው። ማንበብ የማይችል ሰው የትኛው በር የለቅሶ፣ የትኛው የገበያ እንደሆነ በምን ይለያል? ማንም አላሰበበትም፣ እኔም ጭምር። ልጄ አፍሮ አቀረቀረ። ከዚያ ለያንዳንዱ ግሩፕ ሥዕል አደረገለት፤ ለማስታወቂያው ጥሩምባ፣ ለለቅሶው ሻማ፣ ለገበያው የጤፍ ጆንያ። ማስታወቂያውንም አሁን በድምፅ በአማርኛ የምልከው እኔ ነኝ።

ባለፈው ሐሙስ እኒያ አባት ስልካቸውን ይዘው በራችንን አንኳኩ። «ሻማው ጠፋብኝ» አሉ። ልጄ ጨዋታው ላይ ነበር፤ ትልቅ ክስ ይዘው ተቀምጠዋል። ትከሻው ላይ ቆሜ አየሁት፣ በሁለት ሁለት ቅንፍ «ትንሽ ጠብቁኝ፣ ሽማግሌ ቤታችን መጥተዋል» ብሎ ጻፈ። ወዲያው ከአንዱ መልስ መጣ፣ «የጨዋታው ወይስ የእውነት?»

«የእውነት» ብሎ ጽፎ ተነሣ፤ ወንበሩንም ለሳቸው ሳበላቸው።