የትናንት ዳቦ ለሱሑር



በረመዷን ከግቢ ውጭ ተከራይቶ የሚኖር ተማሪ ቤት ዳቦ ሳይተርፍ አያድርም። በኢፍጣር ሰዓት ቴምሩ፣ ሾርባውና ሳምቡሳው ሆድ ይሞላሉ፤ ዳቦው ሳይነካ ይቀርና በማግስቱ ይደርቃል። አራት ሆነን በምንኖርባት ክፍል ይህ ደረቅ ዳቦ ሱሑራችን ሆኗል፤ ፍሬንች ቶስት እያደረግን እንበላዋለን።

ስሙ የውድ ካፌ ምግብ ያስመስለዋል እንጂ ነገሩ የቁጠባ ምግብ ነው። ፈረንሳዮች ራሳቸው «ፓን ፔርዱ» ይሉታል፤ «የጠፋ ዳቦ» እንደ ማለት ነው። በጥንት ሮማውያን የምግብ አሠራር መጽሐፍ ውስጥም ዳቦን ወተት ውስጥ ነክሮ፣ በዘይት ጠብሶ፣ ማር አፍስሶ መብላት ተጽፎ ይገኛል።

ዳቦው መድረቁ ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም ይጠቅማል። ትኩስ ዳቦ እንቁላልና ወተት ውስጥ ሲገባ ይላቁጥና መጥበሻ ላይ ይበጣጠሳል። ያደረ ዳቦ ግን ፈሳሹን እየጠጣ ቅርጹን ይይዛል።

የጣት ውፍረት ላላቸው አራት ቁራጮች 2 እንቁላልና ግማሽ ኩባያ ወተት ይበቃል። ወተት ሲወደድ የዱቄት ወተት በጥብጠን እንጠቀማለን። ቀረፋ ወተት ላይ ስለሚንሳፈፍ መጀመሪያ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ጋር እናዋህደዋለን፤ ከዚያ እንቁላሉን ጨምረን በሹካ እንመታለን፤ ወተቱን በመጨረሻ እናክላለን። ጨው ቁንጥር ብቻ፣ ቀን ላይ ውሃ ጥም እንዳያስቸግረን። የተፈጨ ሄል ከተገኘ ሽታው ጎረቤት ይቀሰቅሳል። ፈሳሽ ቫኒላ ብዙውን ጊዜ በአልኮል ስለሚዘጋጅ የሚጠቀም ሰው ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ቢያነብ ጥሩ ነው፤ እኛ ግን ቀረፋና ሄል ይዘን ቫኒላ አላስፈለገንም።

ቁራጩን በየጎኑ ግማሽ ደቂቃ ያህል መንከር ነው። መጥበሻው ላይ ትንሽ ዘይት፣ እሳቱም መካከለኛ ይሁን። እሳት ከበዛ ውጩ ይጠቁርና መሃሉ ጥሬ ይቀራል። በየጎኑ 3 ደቂቃ ያህል፣ ቡናማ እስኪሆን ይጠበስ። ማር ካለ ማር፣ ከሌለ ስኳር ነስነስ ይደረግበታል።

ይህን የምንጽፈው ግን ስለ ጣዕሙ ብቻ አይደለም። አንዱ የቤታችን ወንድም ከቤተሰብ የሚላክለት ገንዘብ በዘገየበት ሰሞን «ሱሑር አያስፈልገኝም፣ ውሃ ይበቃኛል» ማለት ጀምሮ ነበር። ያላዋጣበትን መብላት ከብዶት እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል። ለመንነው፣ እምቢ አለ። አንድ ሌሊት ግን «ዳቦው ሊጣል ነው፣ ተነስና ጥበስልን» ስንለው ተነሣ። እንቁላሉ የእኛ፣ ዳቦው የማንም፣ እጁ የእሱ ሆነ። አብሮን በላ። ከዚያ ወዲህ ጠባሹ እሱ ነው፤ እሳት መመጠን ከሁላችን ይበልጥ ያውቅበታል። ገንዘቡ ከመጣ በኋላም መጥበሻውን አልለቀቀም።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በሱሑር ውስጥ በረካ እንዳለ አስተምረውናል። እኛም ከዚያ በረካ የደረሰንን በዚህች መጥበሻ አይተናል፣ አልሐምዱሊላህ።

በየዶርሙና በየኪራይ ቤቱ «ውሃ ይበቃኛል» የሚል ወንድም ወይም የምትል እህት አይጠፉም። ገንዘብ ስትሰጡት የሚያፍር ሰው፣ ሥራ ስትሰጡት ቀና ብሎ ይቀመጣል። ስለዚህ ዛሬ የተረፈውን ዳቦ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ አሳድሩት። ከፈጅር አዛን 40 ደቂቃ ያህል ቀደም ብላችሁ ስትነሡ እሱንም ቀስቅሱትና መጥበሻውን አስይዙት። ቢስሚላህ ብላችሁ አብራችሁ ብሉ።