ጥቅምትን በናይሮቢ

ብዙዎቻችን ናይሮቢን የምናውቃት በሁለት በር ነው። አንዱ የሐኪም ቤት በር ነው፣ ሌላው የኢንተርቪው በር። በሪፈር ወረቀት ወይም በስልክ ጥሪ እንሄዳለን፣ በመኪና መስኮት ፎቅ እንቆጥራለን፣ ጉዳያችን ሲያልቅ በመጣንበት መንገድ እንመለሳለን። ከተማዋን ለማየት ብቻ የሄደ ሰው ከመካከላችን ስንት ይገኛል? እኛ ባልና ሚስት ካኩማ ውስጥ 30 ዓመት ስንኖር እንዲህ ዓይነት ጉዞ ያደረግነው ባለፈው ጥቅምት፣ በ2018 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያችን ነው። ስለዚህ ያየነውን ለአንባቢያን ለማካፈል ይህችን ማስታወሻ ጻፍን።

ሁለታችንም ጡረታ ከወጣን ቆይተናል። ጡረታ ስንል መቼም ደመወዝ የሌለው ጡረታ ነው። አንዳችን በካምፑ ትምህርት ቤት፣ አንዳችን በክሊኒክ አስተርጓሚነት ለብዙ ዓመት በኢንሴንቲቭ ሠርተን፣ ዓይንና ጉልበት እምቢ ሲል ቦታውን ለወጣቶቹ ለቀቅን።

የጉዞው ምክንያት ወዳጆቻችን ናቸው። በካኩማ አንድ ዘጠኝ ዓመት አጥር ለአጥር ኖረናል፤ እሳት ተበዳድረናል፣ ልጆቻችንን አንድ ላይ አሳድገናል። እነሱ እ.ኤ.አ. በ2004 ወደ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ሄዱ። እኛም መከተላችን ነበር። ፋይላችን ብዙ ዓመት ሲንከባለል ቆይቶ እስከ ሕክምና ምርመራ ደርሶ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የአሜሪካ የስደተኞች ቅበላ ሲታገድ ካለበት ቆመ። ይህንን በስልክ ስንነግረው ወዳጃችን ለትንሽ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «እናንተ መምጣት ካልቻላችሁ እኛ እንመጣለና» አለ። እኛ ለማጽናናት ያህል የተናገረው መስሎን ነበር። ለካ የምሩን ኖሯል።

እዚሁ ካምፕ ድረስ ለመምጣት ነበር አሳባቸው። ነገር ግን እሷ ደም ግፊት አለባት፣ ሐኪሟም የቱርካናን ሙቀት ሲሰማ አይሆንም አለ። ስለዚህ ናይሮቢ እንገናኝ ተባባልን። የመውጫ ፈቃድ ጠየቅን፤ ደጋግመን ተመላልሰን ለሰባት ቀን ተሰጠን። ሁለቱ ቀን በመንገድ የሚያልቅ ነው። ለምትሄዱ ሰዎች አንድ ነገር እንምከር፦ ዋናውን ወረቀት ያዙ፣ ኮፒውን ሌላ ኪስ ውስጥ አድርጉ፣ በየኬላው ለማሳየት እንዳትቸገሩ ከመቀመጫችሁ አታርቁት።

መንገዱ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከነበረው በጣም ተሻሽሏል። ከሎድዋር በኋላ ሜዳው ሜዳ ነው፤ ማሪች ፓስ ጋ ተራራው ሲጀምር ግን አየሩ በአንድ ጊዜ ይለወጣል። ጎረቤቶች «በዚህ ሙቀት ጋቢ ምን ያደርግላችኋል?» ብለው የሳቁብን ጋቢ ኪታሌ ላይ ለሁለታችን አልበቃ አለ። ኤልዶሬትንና ናኩሩን በጨለማ አለፍናቸው። ጠዋት ናይሮቢ ስንወርድ ወዳጆቻችን መናኸሪያው በር ላይ ቆመው ነበር። ከ21 ዓመት በኋላ ሰው ምን ይባባላል? እሷ በመጀመሪያ የጠየቀችን ደጃፏ ላይ የተከለችው የኒም ዛፍ አለ ወይ ብላ ነው። አለ፤ አሁን የብሩንዲ ቤተሰብ ነው የሚኖርበት፣ ልጆቹ ገመድ አስረው ይወዛወዙበታል ስንላት ያን ጊዜ አለቀሰች።

ናይሮቢ በጥቅምት ወይን ጠጅ ቀለም ትለብሳለች። የጃካራንዳ ዛፍ በየመንገዱ ያብባል፣ አበባው ረግፎ አስፋልቱን ያለብሰዋል። በአገራችን ጥቅምት የአደይ አበባ ማብቂያ ነው፤ እነሱ ዘንድ ደግሞ ቅጠሉ ቀልቶ የሚረግፍበት ወር ነው፣ ከዚያ በኋላ በረዶ ይመጣል አሉን። አራታችንም ቀስ ብለን ነው የምንሄደው፣ ሁለታችን በምርኩዝ። ማታቱ ሲጮህብን ዳር እንይዛለን። በኡሁሩ ሀይዌይ ላይ፣ ከራሳችን በላይ እ.ኤ.አ. በ2022 የተከፈተው 27 ኪሎ ሜትር የፈጣን መንገድ በምሰሶ ላይ ተዘርግቶ ያልፋል። በፊት ለሕክምና ስንመጣ ያልነበረ ነገር ነው።

አንድ ቀን በኃይለ ሥላሴ ጎዳና ሄድን። ስሙ በሰሌዳ ተጽፎ ስናይ ፎቶ ተነሣን። ጎዳናው ከሞይ ጎዳና ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን ላይ ትንሽ የመታሰቢያ ቦታ አለች። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 7 ቀን 1998 የአሜሪካ ኤምባሲ በቦምብ የተመታው እዚያ ነበር፤ ናይሮቢ ውስጥ ከ200 በላይ ሰው አልቋል፣ አብዛኛው ኬንያዊ ነው። የሟቾቹ ስም በግድግዳ ላይ ተጽፏል። የምሳ ሰዓት ስለነበር የቢሮ ሠራተኞች ሣሩ ላይ ተቀምጠው ይበላሉ። እኛም ተቀመጥን።

ከዚያ ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ የባቡር ሙዚየም አለ። ወዳጃችን ከአሜሪካ ሲነሣ ጀምሮ እዚህ ውሰዱኝ ሲል ነበር። ሰውየው የድሬዳዋ ልጅ ነው፤ በወጣትነቱ ምድር ባቡር ጋራዥ ውስጥ ሠርቷል። በሩን እንዳለፍን ምርኩዙን ለሚስቱ ሰጣትና ሃዲዱ ላይ ጎንበስ ብሎ በስንዝር መለካት ጀመረ። «አንድ ሜትር! የኛው ነው እኮ!» ብሎ ጮኸ። እውነቱን ነው። ከሞምባሳ የተነሣው የእንግሊዞች ባቡርና ከጅቡቲ የተነሣው የኛ ባቡር የሃዲዳቸው ስፋት እኩል አንድ ሜትር ነው። ሁለቱም በአንድ ዘመን የተሠሩ ናቸው፦ የሞምባሳው እ.ኤ.አ. በ1896 ተጀምሮ በ1899 አሁን ናይሮቢ ያለችበት ረግረግ ሜዳ ደረሰ፣ የጅቡቲው ደግሞ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ናይሮቢም ድሬዳዋም ባቡር የወለዳቸው ከተሞች ናቸው። የናይሮቢ ስም ከማሳይ ቋንቋ የመጣ ነው፣ ቀዝቃዛ ውኃ ማለት ነው። የሞምባሳውን መንገድ ለመሥራት ከ30 ሺህ በላይ ሠራተኛ ከሕንድ በመርከብ መጥቷል።

እዚያ የቆመች አንዲት አሮጌ ፉርጎ አለች። እ.ኤ.አ. በ1900 ኪማ በሚባል ጣቢያ ሰው በላ አንበሳ አስቸግሮ፣ ራያል የሚባል የፖሊስ ሹም ከሁለት ጓደኞቹ ጋር አንበሳውን ሊገድል እዚህች ፉርጎ ውስጥ አድፍጦ ያድራል። እንቅልፍ ይጥለዋል። አንበሳው ፉርጎዋ ውስጥ ገብቶ ሰውየውን በመስኮት ይዞት ወጣ። ሴቶቹ ይህንን ሰምተው ፉርጎዋ ውስጥ አንገባም አሉ፣ አንበሳው ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ እንደሆነው ብንነግራቸውም።

ትልቁ ነገር ግን በተራራ ስም የሚጠራው ባለ 252 ቶን ባቡር ነው። በዓለም ላይ በአንድ ሜትር ሃዲድ ከሮጡት በእንፋሎት ከሚሠሩ ባቡሮች እንደዚህ ዓይነቶቹን የሚያህል ጉልበት ያለው አልነበረም ይባላል። ወዳጃችን ዘይት የሚጠጣበትን፣ ፍሬኑን፣ ቫልቩን አንድ በአንድ አስረዳን። እንዲህ ሲያወራ ሰምተነው አናውቅም። ሚኒሶታ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲያነሣ ነው ዕድሜው ያለቀው፤ ይህንን ሙያ የጠየቀው ሰው አልነበረም። አሁን በሁለቱም አገር አዲስ ሰፊ ሃዲድ ተዘርግቷል።

በማግሥቱ ወደ ናይሮቢ ብሔራዊ ሙዚየም ሄድን። መግቢያው እንደ ሰዉ ይለያያል፤ ለአገሬው ዜጋ ሌላ፣ ለነዋሪ ሌላ፣ ለውጭ እንግዳ ሌላ። ወዳጆቻችን ፓስፖርታቸውን አሳይተው የውጭ እንግዳ ከፈሉ። ቲኬት የምትቆርጠው ልጅ የኛን የስደተኛ መታወቂያ አገላብጣ አየችና «ስንት ዓመት ሆናችሁ?» አለች። ሠላሳ አልናት። «እንግዲያውስ ነዋሪ ናችሁ» ብላ የነዋሪ ቲኬት ቆረጠችልን። ትንሽ ነገር ነው፤ ሆኖም ያቺን ቲኬት እስካሁን አልጣልናትም።

ውስጥ የጎረቤታችንን ልጅ አገኘነው። የቱርካና ልጅ የሚሉት ጥንታዊ አጽም ማለታችን ነው። ኬንያዊው ካሞያ ኪሜው እ.ኤ.አ. በ1984 ከቱርካና ሐይቅ በስተ ምዕራብ፣ ናሪዮኮቶሜ በተባለ ቦታ አገኘው። ዕድሜው 1.5 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። የኛዋ ድንቅነሽ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ስለሆነ ትበልጠዋለች፣ የሱ አጽም ግን ከሷ የበለጠ ሙሉ ነው። ከሁለታችን አንዳችን «ይኸው፣ ያለ መውጫ ፈቃድ ከቱርካና ናይሮቢ የገባው እሱ ብቻ ነው» ስንል ዘበኛው ሳይቀር ጠይቆን ካስተረጎምንለት በኋላ ሳቀ።

የመጨረሻውን ማታ ኢስሊ ራት በላን። እንጀራው ጥሩ ነበር፣ ቡናው ግን እዚህ ካኩማ የምናፈላውን አያህልም፤ ይህንን ለኩራት አይደለም የምንጽፈው። እሷ ስለ ኑሯቸው አጫወተችን፦ የልጅ ልጆቿ አማርኛ አይሰሙም፣ በክረምት በሯን የሚያንኳኳ ሰው የለም። እሱ «እንግዲህ ጉልበቴ ይህንን በረራ ሁለተኛ አይችለውም» አለ። አራታችንም ምን ማለቱ እንደሆነ ገባን። ከዚያ ጠየቀን፦ «በሩ ቢከፈት፣ የነገርኳችሁን ሁሉ ሰምታችሁ፣ አሁንም ትመጣላችሁ?» ተያየን። አዎ፣ በብርዱም እንመጣለን አልነው። የፈቃዳችን ቀን እስኪያልቅ አንድ ቀን ብቻ ቀርቶ ነበር።

ወዳጆቻችን ለቀድሞ ጎረቤቶቻቸው፣ በተለይም በካኩማ አንድ ውኃ አብረዋቸው ለተሰለፉት እናቶችና ለእድራቸው አባላት ሰላምታ ልከዋል። ፎቶዎቹ በስልካችን ላይ ናቸው። ማየት የሚፈልግ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ በረድ ሲል ይምጣ፤ ቡና እናፈላለን።