በአንድ ፍላሽ የሸጥኩት ጓደኛዬ

እስቲ በሞቴ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ! ዋናው ከባለቤቱ እጅ ሳይወጣ ኮፒውን ብቻ የወሰደ ሰው ሌባ ይባላል? እኔ «አይባልም» ባይ ነበርኩ። ዛሬ ግን…

ነገሩ እንዲህ ነው። 2013 ዓ.ም. ፋሲል ከነማ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያነሳ ጎንደር አብዳ ነበር። እኛ የማራኪ ልጆች ደግሞ ማታ ማታ ሥራችን ፔስ መጫወት ነው። ታዲያ አንድ አብሮ አደጌ «ሁልጊዜ ባርሴሎናን ብቻ ነው እንዴ? ዐፄዎቹን አስገባቸዋለሁ!» ብሎ ተነሳ። የተጫዋቾቹን ስም፣ ማልያቸውን፣ ቁመታቸውንና ፍጥነታቸውን ሳይቀር አንድ በአንድ ሞላ። ሴቭ ሳያደርገው መብራት ሲጠፋ እንደገና እየጀመረ ሦስት ወር ፈጀበት። ዐይኑ በርበሬ መሰለ!

ሲጨርስ መጀመሪያ ያሳየው ለእኔ ነው። «አደራ፣ ለማንም እንዳትሰጥ። መግቢያው ላይ ስሜን ልጻፍበትና ለጌም ቤቶች እሸጠዋለሁ» አለኝ። እኔ ሆዬ፣ እናቱ ለቡና ጠርተውት ሲወጣ ፍላሼን ሰካሁ። በማግስቱ ለአንድ ጌም ቤት ባለቤት በ200 ብር ቸበቸብኩት!

ፍላሽ ደግሞ እግር አለው። በሳምንቱ ፒያሳ ደረሰ፤ ቀጥሎ አዘዞ። ጓደኛዬ ሊሸጥ ሲሄድ «ይኼማ አለን እኮ፤ ከማን ሰርቀህ ነው?» አሉት። ጉድ በሉ! የሠራው ልጅ ሌባ ሆነ።

ሲጠይቀኝ አልካድኩም። ይልቁንስ አፌን ሞልቼ «አንተስ ዋናውን ጨዋታ ለጃፓኖቹ ከፍለህ ነው?» አልኩት። ዝም ብሎ ሲያየኝ ቆየና፣ «እሱ የእኔ ጥፋት ነው፤ አልክድም። አንተ ግን ቡና ያጠጣህን ሰው ነው የሰረቅከው» ብሎኝ ሄደ። የ2014 ቡድን ሳይገባ ቀረ። ከዚያ ወዲህ አንድም ነገር አልሠራም።

«በደንብ ቢቆልፈው ኖሮስ?» ትሉ ይሆናል። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1994 ፕሌይስቴሽንን ሲያወጣ፣ ሲዲው ላይ በተራ ማሽን የማይገለበጥ ምልክት አድርጎበት ነበር። ሰው ምን አደረገ? ማሽኑን ፈትቶ ትንሽ ቺፕ በየደበት! ሕጉስ? የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምንም ይጠብቃል፤ ሆን ብሎ መብቱን የጣሰ ቅጣት ይጠብቀዋል። እኔ ግን ያን ዕለት ፍላሼን ስሰካ ቁልፉም ሕጉም ትዝ አላሉኝም። የሚያስቆመኝ የጓደኛዬ አደራ ብቻ ነበር። እሱንም በላሁት።

ስለዚህ እናንተ የምትሠሩ ልጆች፣ ሥራችሁን ለማንም ከማሳየታችሁ በፊት ስማችሁን አስገቡበት። ለወዳጅም ቢሆን የምታሳዩት ያላለቀውን ይሁን፤ ቀን የተጻፈባቸውን የሥራ ፋይሎች አትጣሉ። እናንተ የምትጫወቱ ደግሞ «ማን ሠራው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የሻይ ዋጋም ቢሆን ክፈሉት።

200 ብሩን በሰው ብልክለት «ስሜን ይመልስልኝ እንጂ ብሩ ምን ያደርግልኛል?» ብሎ መለሰው። ማራኪ ጠባብ ናት፤ እንገናኛለን። ባየኝ ቁጥር ግን መንገድ ይቀይራል።

እናንተን ከእንዲህ ያለ ጸጸት ይሰውራችሁ።