ጡንቻ በስኳር?

ደሴ ላይ ብረት ማንሳት ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። ዱሮም ቆርቆሮ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልቶ፣ መሐሉ ላይ ብረት ሰክቶ፣ ጓሮ ውስጥ ላይ ታች የሚል ጎረምሳ ሞልቶ ነበር። ሲጨርስ በሶውን ይጠጣል፣ አለቀ። ዛሬ ጂሙም መስታወቱም አለ፤ ከፋርማሲ የሚገዛ የግሉኮስ ዱቄትም እንደዚሁ።

እናላችሁ፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠራ የእህቴ ልጅ አለ። ከፈረቃ ሲወጣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወጥቶ ደሴ ይመለስና ቀጥታ ወደ ጂም ነው። ከዚያ አንድ ጠርሙስ ውኃ ውስጥ አራት የሾርባ ማንኪያ ግሉኮስ!

“ወላሂ ጋሼ፣ ይሄ ኢንሱሊን ያስነሳል፤ ኢንሱሊን ደግሞ ጡንቻ ይገነባል” ይለኛል።

የሚያስቸግረው ነገሩ ግማሽ እውነት ስላለው ነው። ስኳር ሲጠጣ ኢንሱሊን ይወጣል፤ በሥራ ያለቀው ግላይኮጅን የሚባለው የጡንቻ ስንቅም ቶሎ ይተካል። በቀን ሁለቴ ለሚሮጥ አትሌት ይህ ይጠቅማል። ለነገ ብረት ለሚያነሳ ሰው ግን እንጀራውም በሶውም ያደርሱታል። ጡንቻው ራሱ የሚሠራው ከፕሮቲን ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት 25 ግራም ፕሮቲን ላይ 50 ግራም ቶሎ የሚፈጭ ካርቦሃይድሬት ቢጨመር የጡንቻ ግንባታው ምንም እንዳላደገ አሳይቷል። የኛ ልጅ ደግሞ ለግሉኮሱ ብሎ እንቁላሉን ትቷል። ግንበኛውን ምሳ አብልቶ ድንጋይ አለማቅረብ ማለት ይሄ ነው።

ሌላም አለ። በእኛ ቋንቋ ስኳር የጣፋጩም የበሽታውም ስም ነው። የልጁ አባት ስኳር ካለበት ዓመታት አልፈዋል። ኢንሱሊን የሚለውን ቃል አባት በመርፌ ያውቀዋል፣ ልጅ በጡንቻ ተስፋ። ያውም በአንድ ቤት! ግሉኮስ የጠጣ ሁሉ ይታመማል አልልም፤ ግን በሽታው በዘር የሚከተል መሆኑ ይታወቃል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2015 የሚጨመር ስኳር ከቀኑ ኃይል ከ10 በመቶ በታች ይሁን ብሏል፤ 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው 50 ግራም ገደማ መሆኑ ነው። አራቱ ማንኪያ ላይ የቀኑን ሻይ እናንተው ደምሩት።

ሽሮውን፣ ምስሩን፣ እንቁላሉን ብላ ስለው ይስቅብኛል። “ጋሼ፣ ሽሮ በልቶ ደረት ያወጣ ማን አለ?”

ገበያ ወርደህ ኩንታል ተሸክመው ዳገቱን የሚወጡትን ጠይቅ፣ አልኩት። ቁርሳቸው ፉል ነው።