«የማን ልጅ ነህ?» ሲሉኝ «አዎ» አልኩ!

ስዊዘርላንድ በዚያች ትንሽ መሬቷ 4 ብሔራዊ ቋንቋ አላት ሲባል እንገረማለን። ወገኖቼ፣ ለመገረም አውሮፓ ድረስ ምን አስኬደን? እኔ ከምኖርበት ከጅማ፣ ከኪቶ ፉርዲሳ ተነስቼ ጎጀብን ተሻግሬ ቦንጋ ስገባ ገበያው ካፍኛ ያወራል። እኛ «ቡና» የምንለው እዚያ «ቡኖ» ነው።

በሌላ አቅጣጫ፣ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ አጋሮ አለች። ጉዴ የፈላው እዚያ ነው። የምወዳት ልጅ «አያቴን ላስተዋውቅህ» ብላ ወሰደችኝ። እማማ ከኦሮምኛ በቀር አይናገሩም። ቡናው ተቆልቶ፣ አቦሉ ሳይቀዳ ትኩር ብለው አዩኝና «አቲ ኢልመ ኤኙቲ?» አሉኝ። እኔ ሆዬ በፈገግታ «ኤዬ!» ቤቱ ጸጥ አለ። ለካስ የማን ልጅ ነህ ነው ያሉኝ፤ «አዎ» ብዬ አረፍኩት!

ልጅቷ ሳቀች። እማማ ግን አልሳቁም። ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ያሉትን ነገረችኝ፦ «ጅማ ተወልዶ አድጎ እኛን ሳይሰማን ነው የኖረው?» መልስ አጣሁ። እንግሊዝኛ ለመማር ማታ ማታ ስንት ብር ከፍያለሁ፤ የጎረቤቴን ቋንቋ ግን ማን ከልክሎኝ?

ዛሬ ከልጅቷ ጋር ሰላምታ ብቻ ነን።

እናንተ ግን ሻንጣ ከመሸከፋችሁ በፊት የአገሩን ሰላምታ ያዙ። ያልገባችሁን እንደገባችሁ ሆናችሁ አትሳቁ። ኦሮምኛው «ናፍ ሂንጋሌ» ይላል፤ አልገባኝም ማለት ነው። እኔ ይህቺን ብቻ ባውቅ ኖሮ፣ እማማ ደግመው ይጠይቁኝ ነበር።